ከታች ጀምር

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ። ጠዋት 2፡30

ሙቀት 38.9። ትናንት ማታ 39.4 ነበር። ግሉኮሱ አልቋል፣ ነርሷን ሁለቴ ጠራሁ። ልጄ ትርንጎ፣ ሻይ ሁለት ጉንጭ ጠጣች። ዳቦ አልነካችም።

ደብተሬ፣ አንተን የገዛሁህ የአጨዳ ሠራተኛ ስም ልመዘግብብህ ነበር። የልጄ ትኩሳት መመዝገቢያ ሆንክ። ምን ይደረግ።

ሆስ. ከገባን ሦስተኛ ቀን። እስካሁን የጠየቁን ሐኪሞች፦
1. ረጅሙ፣ ባለ መነጽሩ (ሰኞ ጠዋት)
2. ከሱ ጋር ሆኖ ዝም ብሎ የሚጽፈው
3. ዶ/ር ሐያት (ሰኞ ከሰዓት፣ ማክሰኞ፣ ዛሬም)

ሁሉም ኢንተርን ናቸው። ትምህርታቸውን ሊጨርሱ ጥቂት የቀራቸው፣ ለልምምድ የተላኩ። እዚህ ክፍል ሥራ ከጀመሩ ሁለት ሳምንታቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው የሚጠይቁት። መቼ ጀመራት? መስከረም አጋማሽ። ያስላታል? አይ። ወባ ታክማለች? አዎ፣ ኮኪት ጤ/ጣቢያ፣ ሁለት ጊዜ፣ አልተሻላትም። ዕድሜ? አስራ ሰባት፣ 11ኛ ክፍል። እርሻ ላይ ትውላለች?

የለም አልኩ። ተማሪ ናት አልኩ። ጠንከር አድርጌ ነው ያልኩት።

እስካሁን ያዘዙት፦ ደም ለወባ (3 ጊዜ)፣ ለታይፎይድ፣ ሲቢሲ (2 ጊዜ፣ የመጀመሪያው ወረቀት ጠፋ)፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ የደረት ራጅ። የጉበቱ ኬሚካል እዚህ አልቋል፤ ደሟን ይዤ ውጭ የግል ላብራቶሪ ሮጥኩ። አልትራሳውንዱ አለ፣ የሚያነሳው ሰው ግን ለሥልጠና ሄዷል።

ሐያት ዛሬም ሆዷን ዳሰሰች። በግራ ከጎድን አጥንት ሥር ጫን፣ ጫን፣ ዓይኗን ጨፍና። ከዚያ ካርዱ ላይ ጻፈች። ምን አገኙ አልኳት። ጣፊያዋ አልተዳሰሰኝም፣ ይሄ ጥሩ ነው አለች። "አብሽሩ አባቴ።" የደሴ ልጅ ናት።

አብሽሩ ማለት ቀላል ነው።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ። ከሰዓት 9፡00

38.7። ሾርባ ግማሽ ኩባያ።

አጠገባችን አልጋ እህታቸውን የሚያስታምሙ እትዬ ያልጋነሽ የሚባሉ ሴት አሉ። ከሳንጃ ናቸው። ሐያት ስትገባ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ ይቺን ሕፃን ዶክተር እናቷ ለገበያ ብቻዋን ትልካታለች? ይሉኛል። ዛሬ ትርንጎ ሰማቻቸውና ሳቀች። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ። ጻፍኩት።

ባለቤቴ ጥሩዬ ደወለች። አጫጆች ከደጋ ገብተዋል፣ አስራ አራት። ግማሾቹ አዲስ ናቸው፣ ሰሊጥ አይተው የማያውቁ። የምሥራቁ ማሳ ደርሷል፤ አንድ ሳምንት ከቆየ ፍሬው ተከፍቶ ይፈሳል። ካቦው አንተን ይጠይቃል አለች። ከዚያ ልጄስ? አለች። እየተመረመረች ነው አልኩ። አራት ቀን ሙሉ? አለች።

አያ ቢረሳው ትዝ አሉኝ። ኮኪት ድሬሰር ነበሩ፣ ድሮ፣ እኔ ልጅ እግር ሆኜ ስመጣ። አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት። ሰው ሁሉ ዶክተር ነበር የሚላቸው። የነበራቸው ዕቃ፦
- መርፌ፣ በብረት ሣጥን የሚቀቀል
- ትኩሳት መለኪያ፣ አንድ
- ኪኒን በወተት ጣሳ
- ወንበር ሁለት፣ አንዱ እግሩ የተጠገነ

ራጅ የለ፣ ላብራቶሪ የለ። ገብተህ ሳትቀመጥ ዓይንህን ገልጠው ያያሉ፣ ሆድህን ይዳስሳሉ፣ በቃ። ወባ ነው፣ ሂድና ተኛ። ወይም፣ ይሄ ወባ አይደለም፣ ዛሬውኑ መኪና ፈልግ። ሲጨርሱ እጃቸውን አራግፈው እንደ ሱዳኖቹ "ተማም!" ይሉ ነበር። አለቀ፣ ደህና ነው፣ ማለታቸው ነው። ያቺን ቃል ስሰማ ትኩሳቴ ግማሹ ይለቀኝ ነበር።

እዚህ ማንም ተማም አይልም። ውጤቱ ይምጣና እናያለን ነው የሚሉት።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ። ጠዋት 5፡00

ጠዋት ነሰራት። ሁለት ፎጣ። ነርስ ብዬ ጮህኩ፣ እሷ ግን ኧረ አባዬ ተረጋጋ ትላለች።

ዛሬ ዋናው ሐኪም ራውንድ መጣ። ሲኒየር የሚሉት። ለሁለት ዋርድ እሱ ብቻ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። ሐያት ከካርዱ አነበበችለት፦ ተማሪ፣ እርሻ አትሠራም፣ ወባ የለም፣ ጣፊያ አልተዳሰሰም። እሱ ካርዱን አየ፣ ዓይኗን ገልጦ አየ፣ ታይፎይድ ይሆናል፣ መድኃኒቱን ቀይሩና ሲቢሲ ድገሙ አለ። ሆዷን አልነካም። ተጽፏላ። ለምን ይንካው?

ሰባተኛ ጊዜ ደም ቀዱላት። እኔ ቆጣሪ ነኝ፣ አልሳሳትም።

ንዴቴ ሲበርድ የመጀመሪያ ዓመቴ መጣብኝ። ከእስቴ ወረድኩ፣ አስራ ሁለተኛ ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ። ሰሊጥ አጨዳ ገባሁ። ነዶውን አስሬ እንደ ጤፍ አጋደምኩት! የደረሰ ሰሊጥ ደግሞ አፉ ክፍት ነው፤ ቀጥ አድርገህ ይዘህ፣ ቀጥ አድርገህ ታቆመዋለህ። ስንት ነዶ አጋድሜ ዞር ስል መሬቱ ነጭ ሆኗል። ካቦው፣ "አንተ የደጋ ሰው፣ ለጉንዳን ነው የምታጭደው?" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የማሳው ባለቤት ግን አላባረሩኝም። የዳር መስመር ስጡት አሉ። ልማዱ ነበር። አዲስ ሰው ሦስት ቀን ዳር ዳሩን ነው የሚያጭደው፣ ከብት የረገጠውን፣ ቀጫጫውን ሰሊጥ። እዚያ ቢያፈስም ብዙ አይጎዳም። እጁ ሲለምድ መሀል ይገባል። እኔም እንደዚያ ነው የማሠራው፣ እስከ ዛሬ።

ሆስፒታል ውስጥ የዳር መስመሩ የቱ ነው? የኔ ልጅ ናት?

ጥቅምት 9፣ እሑድ። ጠዋት 4፡00

ትናንት አልጻፍኩም። 39.5 ነበረች።

ጎንደር ልውሰዳት? በራሴ ፈቃድ ብዬ ፈርሜ።
ለመሄድ፦ ትልልቅ ሐኪም ብዙ አለ። ማሽን አለ።
ላለመሄድ፦ መንገዱ አንዳንድ ቀን ይዘጋል። ትርንጎ ተቀምጣ መጓዝ አትችልም። እዚያም ከአንድ ነው የሚጀምሩት፣ እዚያም መጀመሪያ የሚያዩን ኢንተርኖች ናቸው። ታዲያ ምኑን

ከሰዓት 8፡00

ደብተሬ፣ ተረጋግቼ ልጻፍ።

ፊቷን ታጥባ ልብስ ስትቀይር ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ይንሳፈፋል፣ አጥንት ብቻ ቀርታለች። ወገቧ ላይ ግን ቁልፉ አልገናኝ አለ። እንዴት ነው የከሳ ሰው ወገቡ የሚጠበው? ያኔ ደሳለኝ ትዝ አለኝ።

ደሳለኝ ያገሬ ልጅ ነው፣ አብረን የወረድን። በሁለተኛው ዓመት ታመመ። እንዲሁ ከስቶ ሆዱ ብቻ ቀረ። ተሸክሜ አያ ቢረሳው ጋ ወሰድኩት። እሳቸው ዳሰሱትና ጣፊያው አብጧል አሉ። ከዚያ የኔን እጅ አንጓ ይዘው ሆዱ ላይ አኖሩት። አንተ ፊደል የቆጠርክ ነህ፣ ልመደው አሉኝ። "ከላይ አትጀምር። ከላይ ከጀመርክ እላዩ ላይ ነህ፣ ዳሩን አታገኘውም። ከታች ጀምር፣ ከቀኝ ዳሌው። ቀስ እያልክ ወደ ግራ ጎድኑ ውጣ። ሲተነፍስ ራሱ መጥቶ ይነካሃል።" መጣ። ነካኝ። እንደ ጫማ ሶል ጠርዝ። ካላዛር ነው አሉ፣ ዛሬውኑ ጎንደር። ደሳለኝ ዳነ። አሁን እስቴ ልጆች አሉት።

ትርንጎን ሆድሽን ልይ አልኳት። እንዴ አባዬ፣ አንተም ኢንተርን ሆንክ? አለች። ተነፍሺ አልኳት። ከቀኝ ዳሌዋ ጀመርኩ።

እምብርቷ አጠገብ ነው። መጣና ነካኝ።

ሐያት ከላይ ነበር የምትጀምረው። ሁልጊዜ ከጎድን ሥር። እላዩ ላይ ነበረች።

አሁን ሌላውን ልጻፍ፣ ካንተ አልደብቅም። እርሻ ላይ ትውላለች ሲሉኝ የለም ያልኩት ውሸት ነው። ሁለት ክረምት ወስጃታለሁ። ት/ቤት ሲዘጋ፣ ለአረም፣ ሃያ ሃያ ቀን። ማታ ግራር ሥር ነበር የምንተኛው፣ የተሰነጠቀው ጥቁር አፈር ላይ። ካላዛር የምታሲዘው ትንኝ ከዚያ ስንጥቅ እንደምትወጣ ያካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን ልጄን ከቀን ሠራተኛ ጋር እንዳይጽፉብኝ ፈለግሁ። ተማሪ ተብላ እንድትጻፍ። እኔ ራሴ በቀን ሠራተኝነት የመጣሁ ሰው።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ። ጠዋት 3፡40

39.1። ድጋሚ ነስር፣ ትንሽ።

ለሐያት የምነግራት (በቃሌ የያዝኩት)፦
1. እርሻ ላይ ነበረች
2. ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከታች ቢጀምሩ
3. አያ ቢረሳው የሚባሉ ድሬሰር ነበሩ

ቁ. 2 ትከብዳለች። ለሐኪም ሆድ እንዴት እንደሚዳሰስ ልነግር ነው? ብትቀየመንስ? ልጄ በሷ እጅ ናት።

ከሰዓት 10፡00

አልነገርኳትም። ኮሪደር ላይ ጠበቅኳት፣ በሩጫ መጣች፣ አምስት ካርድ ታቅፋ፣ ምሳ ያልበላች ትመስላለች። ዶክተር አልኩ። አቤት አባቴ አለች። እግዜር ይስጥልኝ አልኩና ተመለስኩ።

እግዜር ይስጥልኝ! ለምኑ?

እትዬ ያልጋነሽ ከበር ሆነው ያዩኝ ነበር። ምን ልትላት ነበር? አሉኝ። ነገርኳቸው። እህታቸውን ካበሉ በኋላ ዞር ብለው፣ "ወንድሜ፣ አንተ አፍረህ ልጅቱ ትሙት?" አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ። ከሰዓት 7፡00

ነገርኳት።

ጠዋት 2፡00 ላይ ስትገባ ሳልነሳ፣ ከተቀመጥኩበት፣ ቁ. 1፣ ቁ. 2፣ ቁ. 3፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። ዓይን ዓይኗን አላየሁም። ከልጄ በጥቂት ዓመት የምትበልጥን ልጅ እርስዎ እያልኩ።

አልተቆጣችም። አልሳቀችም። እጇን እርስ በርስ አሻሸች፣ ትርንጎን ፈቃድ ጠየቀች። ከቀኝ ዳሌ ጀመረች። ቀስ። ተነፍሺ። ቀስ። እምብርቷ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ፊቷ ደም መሰለ።

"ስምንት ቀን እላዩ ላይ ነበርኩ" አለች፣ ለራሷ።

ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ አባቴ ስለ እርሻው ቢነግሩኝ ኖሮ፣ ብላ አቆመች። እኔም፣ እርስዎም ከታች ቢነኩ ኖሮ፣ ብዬ አቆምኩ። ትርንጎ ሁለታችንንም አየችን። ሁለታችሁም አጥፍታችኋል፣ አሁን መድኃኒቱን አምጡ አለች።

ከጣቷ አንዲት ጠብታ ደም፣ አንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ። ብዙም ሳንቆይ ሁለት መስመር ወጣ። ካላዛር። ከዚያ ሁሉ ብልቃጥ በኋላ ጠብታ!

ሲኒየሩ መጣ። ሐያት በሰው ሁሉ ፊት፣ እኔ ነኝ የሳትኩት፣ ያሳዩኝ አባቷ ናቸው አለችው። ላቤ መጣ፣ ይጮህባታል ብዬ። አልጮኸም። ራሱ ዳሰሰ። እኔም መንካት ነበረብኝ አለ፣ ቀስ ብሎ። ካርዱን ሰጣትና ራስሽ አስተካክይው አላት።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ደሟ አንሷል፣ ዘግይተናል፣ ስምንት ቀን ነው። ነገ መርፌ ትጀምራለች። በቀን ሁለት፣ ለአስራ ሰባት ቀን። መድኃኒቱ በነፃ ነው አሉኝ። ከዚያ በፊት ያለው ምርመራ ሁሉ ነው በነፃ ያልነበረው።

ለጥሩዬ ደወልኩ። አለቀሰች። እኔ ነኝ የዋሸሁት አልኳት። አውቃለሁ፣ አንተን አላውቅህም? አለችኝ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ። ከሰዓት 11፡00

38.0። መርፌው ያማል፣ ትርንጎ ጥርሷን ነክሳ ነው የምትወስደው። ግን ዛሬ እንጀራ ጠየቀች። ሩብ በላች። ሩብ!

ሐያት ተራዋ ሲያልቅ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስለ አያ ቢረሳው ንገሩኝ አለች። የወተቱን ጣሳ፣ የተጠገነውን ወንበር፣ ተማምን፣ ሁሉን ነገርኳት። እሳቸው በአንድ እጅ ያውቁት ነበር አልኳት። ነገሬ ውስጥ ነቀፋ ነበረበት፣ አልክድም።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ አለችኝ፦ "እኔ ስፈራ ነው ብዙ የማዘው። ያልገባኝን ሁሉ ወደ ላብራቶሪ እልካለሁ። ኬሚካሉም እንደዚያ ነው የሚያልቀው።" የትርንጎ አልጋ ስምንት ቀን በከንቱ ተይዞ ኮሪደር ላይ የተኛች አራስ እንደነበረችም ነገረችኝ። እኔ የማስበው የኔን ብቻ ነበር።

ያኔ የረሳሁት ነገር መጣብኝ። ስንት ዓመት ረስቼው! ደሳለኝ ከዳነ በኋላ አያ ቢረሳውን፣ አያ፣ እርስዎ ግን ይሄን ከማን ለመዱት? ብያቸው ነበር። ገላባት ማዶ አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ ነርስ አስተማረኝ አሉ። ቀድሞ እኔም ከላይ ነበር የምጀምር አሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ገልብጠው አይተው፣ "ይሄ እጅ እስኪለምድ ሦስት ሰው ከፍሎበታል" አሉኝ። ያን ቀን ተማም አላሉም።

ለሐያት ይሄንንም ነገርኳት። ሦስቱ እነማን ነበሩ? አለችኝ።

አላውቅም። አልጠየቅኋቸውም። አያ ቢረሳው ከሞቱ ቆዩ፣ አሁን ማንን እጠይቃለሁ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ። ጠዋት 4፡15

37.2! ሦስተኛ ቀኗ ያለ ትኩሳት። እንጀራ አንድ ሙሉ፣ ሁለት ሙዝ። ነስር የለም።

ጥሩዬ፦ የምሥራቁ ማሳ ታጭዷል፣ ሂላው ቆሟል፣ ነዶው ሁሉ ተደጋግፎ ቀጥ ብሎ እየደረቀ ነው። ከዳሩ ትንሽ ፈሰሰ፣ አዲሶቹ ናቸው። ይሁን አልኳት።

አሁን ዋናው ነገር። የሐያት ጊዜ እዚህ አልቋል፣ ከነገ ወዲያ ወደ ቀዶ ሕክምና ትሄዳለች። በነሱ ቦታ አዲስ ኢንተርኖች ገብተዋል፣ አራት ናቸው። ጠዋት ሐያት መጣች። የትርንጎ ጣፊያ እየቀነሰ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ላይዳሰስ ይችላል፣ ሳይጠፋ አራቱ ቢነኩት አለችኝ። ከመጽሐፍ አይገባም አለች፣ እኔን አይተውኛል። እምቢ ካሉ አልቀየምም አለች። ለትርንጎም ነገረቻት።

የመጀመሪያ ሐሳቤ፦ እምቢ። ልጄ መለማመጃ ናት? ከዚያ ሁሉ ደም በኋላ? አራት ሰው፣ ሁለቱ ወንዶች።

ሁለተኛው ሐሳቤ ደሳለኝ ነው። እኔ እጄን ሆዱ ላይ ሳኖር በትኩሳት ይቃዥ ነበር። ማንም አልጠየቀውም። በዚያ እጅ ግን የልጄ በሽታ ተገኘ።

ሐያት መልስ ትጠብቃለች። እኔ አልወስንም አልኩ። ትርንጎ ትወስን።

ትርንጎ ጣሪያውን እያየች አሰበች። ከዚያ ዘረዘረች፣ የኔ ልጅ ናት፦
1. አንድ በአንድ ይግቡ
2. እጃቸውን ያሙቁ፣ የሐያት እጅ በረዶ ነበር
3. ዶ/ር ሐያት እዚሁ ትቁም
4. አባዬ ይውጣ፣ ሲያፈጥ ያስቀኛል

እሺ አልኩ። ሐያት እንዳታይብኝ ፊቴን አዞርኩ።

4፡30

ኮሪደር ላይ ነኝ፣ አግዳሚው ላይ። የመጀመሪያው ገባ፣ ቀጭን ልጅ ነው፣ መዳፉን ሱሪው ላይ እያሻሸ። ሲያልፈኝ እግዜር ይስጥልኝ አለኝ። አንተም አልኩት።

በሩ ገርበብ ብሏል። የሐያት ድምፅ ይሰማል። እዚያ አይደለም፣ ዝቅ በል፣ ከታች ጀምር ትላለች። ትርንጎ ሳቀች። አሁን ዝም አሉ። ምነው ዝም አሉ? ልግባ?

አልገባም። ይፈልገው። እዚሁ እቀመጣለሁ፣ እስኪያገኘው